በጋቢው ሥር የደበዘዘው ብርሃን

አባቴ የመንደራችን የውሃ አባት ነበር። ከደባርቅ ወደ ጃናሞራ የሚወስደውን መንገድ ይዘው ወረድ ሲሉ ተዳፋቱ ላይ ተለጥፈው ከሚታዩት መንደሮች አንዱ የኛ ነው። በበጋ ነጭ ሽንኩርትና ድንች የምናለማው ከአንዲት ምንጭ በሚወርድ ውሃ ስለሆነ፣ ማን በየትኛው ቀን ቦዩን እንደሚከፍትና እንደሚዘጋ የሚወስን ሰው ያስፈልጋል። ያንን ሰው የውሃ አባት እንለዋለን። ውሃ ሲያንስ ሰው በሰው ላይ አካፋ ያነሣል፤ አባቴ መካከል ገብቶ አካፋውን ያስወርዳል። እስከዚያ ጥር ድረስ ከአካፋ የባሰ ነገር ገጥሞት አያውቅም።

እኔ ያን ጊዜ ወደ ቤት የመጣሁት ለጥምቀት ብቻ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኬሚስትሪ አጠና ነበር፤ የመመረቂያ ሥራዬም ብርሃን በሚሰጡ ፖሊመሮች ላይ ነው። ፖሊመር ሲባል የሚያስፈራ ቢመስልም ላስቲክም ፕላስቲክም ፖሊመር ነው። የኔዎቹ ጥፍር የሚያህሉ ስስ ቁራጮች ናቸው። አልትራቫዮሌት መብራት ሲያርፍባቸው አረንጓዴ ያበራሉ። የተነከሩበት ውሃ ውስጥ አንዳንድ ዓይነት ፀረ-ተባይ ካለ ብርሃናቸው ይደበዝዛል፤ ከበዛም ይጠፋል። ችግሩ፣ ሙቀትም ያደበዝዛቸዋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቁራጭ ጎን ሌላ ቁራጭ አብሮ ይነከራል። እሱን መርዝ አይነካውም፤ የሚያውቀው ሙቀትን ብቻ ነው፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ፣ ሲሞቅ ብርቱካናማ ይሆናል። ሁለቱን አስተያይቶ ነው የሚነበበው።

ከላቦራቶሪ ውጭ ማንም ሞክሮት አያውቅም። በሰሜን ተራሮች ሥር በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንዴት እንደሚሆን ለማየት አስተማሪዬን ለምኜ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ይዤ መጣሁ።

አባቴ አንዱን ቁራጭ በጣቱ አንሥቶ ወደ መስኮቱ አስጠጋው።

“ይህን ያህል ዘመን ከቤት ያራቀሽ ይኼ ነው?”

ታናሽ ወንድሜ ሳቀ። “የስልክ መስታወት ልጣጭ ነው የሚመስለው።”

ማሳችንን የሚይዘው ወንድሜ ነበር። እኔ ከተማ ስቀመጥ እሱ አካፋ ጨበጠ፤ እንዲህ ነው የተከፋፈልነው። በዚያ ሰሞን ነጭ ሽንኩርቱ ተባይ ገብቶበት ስለነበር መርጫውን ጀርባው ላይ አዝሎ ሲወጣና ሲገባ ነው የማየው።

ጩኸቱን የሰማነው ጠዋት ቁርስ ላይ ነው። መጀመሪያ የሴት መስሎኝ ነበር፤ የወንድ ሆኖ ተገኘ። ከበታቻችን ያለው ጎረቤት በጎቹን ሁልጊዜ ቦዩ ከሚያልቅበት የድንጋይ ገንዳ አጠጥቶ ነው የሚያሰማራው። ስንደርስ ግማሾቹ በጎች ገንዳው ዙሪያ ተዘርረዋል፤ ያልሞቱት አፋቸው አረፋ ደፍቆ እግራቸው ይንቀጠቀጣል። የከፋው ግን በጎቹ አልነበሩም። ሚስቱ ከዚያው ገንዳ በእጇ ጨልፋ ጠጥታለች። ላቧ እንደ ዝናብ ይወርዳል፤ ምራቋን መዋጥ አቅቷት እየተናነቀች ነው። ጡት የሚጠባ ልጅ አላት። አማቷ ሕፃኑን ታቅፋ “ኧረ በማርያም! ኧረ ድረሱ!” ትላለች። ሰዎች ሴትዮዋን በአልጋ ተሸክመው ወደ መኪናው መንገድ ሮጡ። ባሏ ግን አብሯቸው አልሄደም። ወደ ቤቱ ገብቶ ጠመንጃውን ይዞ ወጣ።

ለምን እንደሆነ ሁላችንም አወቅን። ከጥቂት ቀናት በፊት መካከለኛው ማሳ ካለው ሌላ ጎረቤታችን ጋር በውሃ ተራ ተጣልተው ነበር። ባለመካከለኛው ማሳ ቁጡ ሰው ነው፤ ሰው ሁሉ እየሰማ “ይህን ውሃ ጠጥተህ ባትጸጸት!” ብሎት ነበር። የቁጣ ቃል ነበር። ያን ጠዋት ግን በየሰዉ አፍ ላይ ያቺው ቃል ብቻ ነበረች።

ሕዝቡ እየተጠራራ ወደ ባለመካከለኛው ማሳ ደጅ ወጣ። ሰውዬው በሩን ከውስጥ ቆልፎታል። ሚስቱና ልጆቹ ውስጥ እንዳሉ ከለቅሶው ይታወቃል። አባቴ ጫማውን እንኳ ሳያስር ቀድሞ ደርሶ በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ዱላውን በሁለት እጁ አግድም ይዞታል።

“በሕግ አምላክ!” አለ። “ጎበዝ፣ በሕግ አምላክ! ሳይጣራ ማንም ይህን በር አይነካም።”

“ምኑ ነው የሚጣራው?” አለ ባለበጉ። ድምፁ ተሰንጥቋል። “በአፉ የተናገረውን እርስዎም ሰምተዋል። ዞር ይበሉልኝ፤ እርስዎን መንካት አልፈልግም።”

አባቴ ዞር አላለም። ዓይኑ በሰዉ መሐል ሲፈልግ ቆየና እኔ ላይ አረፈ።

“ልጄ ውሃ የምትመረምርበት ነገር ይዛ መጥታለች” አለ። “ቢያንስ ውሃው ይመርመር። ከዚያ በኋላ የምትሉትን እሰማለሁ።”

አጠገቡ ሄጄ ወደ ጆሮው ጠጋ አልኩ።

“አባባ፣ ይኼ ነገር ገና ሙከራ ነው። ቢሳሳትስ?”

“ከጠመንጃው ይሻላል” አለኝ በሹክሹክታ። “ቶሎ በይ።”

ቆርቆሮውንና አልትራቫዮሌት የእጅ መብራቱን ከቤት ይዤ ስመለስ ሰው ከገንዳው ውሃ በጀሪካን ቀድቶ አምጥቶ ነበር። ፀሐዩ ከሯል፤ በዚያ ብርሃን የኔን አረንጓዴ ማየት አይቻልም። የደብሩ አረጋዊ ቄስ ጋቢያቸውን አውልቀው ሰጡኝ። እኔም ምስክር ስለፈለግኩ “አባታችን፣ እርስዎም አብረው ይዩልኝ” አልኳቸው። ሁለታችን መሬት ላይ ተቀምጠን ጋቢውን ባናታችን ላይ ደረብነው። በጨለማው ውስጥ የሳቸውን ትንፋሽና የሕዝቡን ጉርምርምታ እሰማለሁ። ሁለቱን ቁራጮች በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ነክሬ መብራቱን አበራሁ።

መርዝ የሚያውቀው ቁራጭ ደብዝዟል። ሙቀት የሚያውቀው ግን ብርቱካናማ ሆኗል። ጀሪካኑ ጥቁር ነው፤ ፀሐይ ላይ ቆይቷል።

“ምንድን ነው?” አሉኝ ቄሱ።

“አላውቅም፣ አባታችን። መርዝም ሊሆን ይችላል፤ ሙቀትም ሊሆን ይችላል።”

ከጋቢው ወጥቼ ይህንኑ ለሕዝቡ ስናገር ጫጫታው ተነሣ። “ታሾፊብናለሽ እንዴ!” አለኝ አንዱ። “አባቷ የቆመለትን ሰው ልታድን ነው!” አለ ሌላው። አባቴ ከበሩ ላይ ሳይነቃነቅ “ምን ያስፈልግሻል?” ብሎ ጠየቀኝ።

“ከራሱ ከገንዳው፣ ከቀዝቃዛው ውሃ። ከዚያ ከምንጩ ጀምሬ ቦዩን ተከትዬ ልውረድ።”

ባለበጉ ተስማማ፤ ግን ጥቂት ዘመዶቹን በሩ ላይ ትቶ ነው። አባቴም ከበሩ አልተነሣም። እኔ፣ ቄሱ፣ ባለበጉና የቀረው ሰው ወደ ገንዳው ወረድን። ገንዳው ውስጥ ሙቀት የሚያውቀው ቁራጭ ጥርት ያለ ሰማያዊ ሆነ። ሌላኛው ጨልሟል። ከሰል ይመስላል።

“ውሃው ተመርዟል” አልኩ።

ወደ ምንጩ ወጣን። የምንጩ ዓይን ላይ አረንጓዴው ቦግ ብሎ በራ፤ ቄሱ ከጋቢው ሥር “ስብሐት ለአብ” አሉ። ምንጩ ንጹሕ ነው ማለት ነው፤ መርዙ የገባው መንገድ ላይ ነው። ይህን ስናገር ከሕዝቡ መሐል አንዱ “መካከለኛው ማሳ! አላልኩም?” ብሎ ጮኸ፤ የተወሰኑት መሮጥ ጀመሩ።

“ቆዩ!” አልኩ። ድምፄ እንደዚያ መውጣት እንደሚችል አላውቅም ነበር። “ይኼ መሣሪያ ማን እንዳደረገው አይናገርም! የት እንደገባ ብቻ ነው የሚናገረው። እሱንም ገና አልጨረስኩም።”

ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ። “ትጨርስ” አሉ። የሮጡትም ቆሙ።

ዋናው ቦይ ገንዳው ጋ ከመድረሱ በፊት ሁለት ትናንሽ ቦዮች ይገቡበታል። ሁለቱም ከማሳ የተረፈውን ውሃ የሚመልሱ ናቸው፤ አንዱ ከመካከለኛው ማሳ ይመጣል። ሁለተኛው ከኛ ማሳ ነው። ይህን ማንም አላነሣም፤ የውሃ አባትን ማሳ ማን ይጠረጥራል? እኔም ራሴ እስከዚያ ሰዓት አላሰብኩትም።

የመካከለኛውን ማሳ ቦይ ሞከርኩ። በራ። ማመን ስላቃተኝ ሌላ ቁራጭ አወጣሁ፤ እሱም በራ። ከጋቢው ወጥቼ “ከዚህ አይደለም” ስል ባለበጉ ጠመንጃውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ደስ ያለውም ያዘነውም አይመስልም፤ የሚቆምበት መሬት እንደጠፋበት ሰው ነበር።

ያኔ ነው ቀና ብዬ ወንድሜን የፈለግኩት። ጠዋት ከሁሉ ፊት ነበር። አሁን ወደ ኋላ ቀርቶ አንድ ኮባ ሥር ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ዓይኖቻችን ተገናኙ። ራሱን በጣም በትንሹ ነቀነቀ፤ አትሞክሪው ማለቱ ነው።

በዚያው ቅጽበት የባለበጉ ስልክ ጮኸ። ከሚስቱ ጋር ደባርቅ የሄደችው እኅቱ ነበረች። ድምፅዋ ለሁላችንም ይሰማል። “ትንፋሿ እያጠረ ነው! ሐኪሙ ምን ዓይነት ኬሚካል እንደሆነ ካላወቅኩ ይላል፣ ዕቃውን አምጡ ይላል፣ ቶሎ በሉ፣ ስለ እግዚአብሔር ቶሎ በሉ!”

ጋቢውን ጎትቼ ከቄሱ ጋር የኛ ቦይ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከጥድፊያ አንዱ ቁራጭ ወደቀብኝ። ሌላ አወጣሁ፤ ነከርኩ፤ አበራሁ። ሰማያዊው ሰማያዊ ነው። አረንጓዴ የለም።

ቄሱ ወደ ቁራጩ ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “ልጄ፣ ይኼ የእናንተ መስመር ነው” አሉ።

“አዎ፣ አባታችን።”

ከጋቢው ሥር ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። ሙቀት ነው ብል፣ ቁራጩ ተበላሽቷል ብል፣ ያ ሁሉ ሰው ያምነኛል ወይም ባያምነኝም ምንም ማድረግ አይችልም። ይህን አሰብኩት፤ አላሰብኩትም ብዬ አልዋሽም። ወንድሜን አሰብኩ፤ ከውጭ ያለውን ጠመንጃ አሰብኩ። ቄሱ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። አልገፉኝም፤ አላዘዙኝም። እጃቸው ብቻ ከብዶኝ ነበር። ከዚያ ያቺ ምራቋን መዋጥ ያቃታት ሴት ታየችኝና ጋቢውን ገለጥኩት።

“ከኛ ማሳ ነው” አልኩ።

ማንም አልጮኸም። አንድ ሰው እየሮጠ ሄዶ አባቴን ጠራው። አባቴ የባለመካከለኛውን ማሳ ደጅ ለቆ እስኪደርስ ድረስ ከቦዩ ድምፅ በቀር አንዳች ነገር አልተሰማም። መጥቶ እኔን አየኝ፤ በእጄ የያዝኩትን ቁራጭ አየ፤ ከዚያ ወደ ኮባው ዞረ።

“መርጫውን የት ነው ያጠብከው?”

ወንድሜ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

“የት ነው ያጠብከው ነው የምልህ!”

“ቦዩ ላይ” አለ ወንድሜ። “የተረፈውንም እዚያው ደፋሁት። ውሃው ጠርጎ የሚወስደው መስሎኝ…” ቃሉን አልጨረሰውም።

ባለበጉ ጠመንጃውን አቀባበለ። ያንን ድምፅ እስካሁን በር ሲቀረቀር በሰማሁ ቁጥር እሰማዋለሁ። አባቴ አልሮጠም፤ እየተራመደ ሄዶ በአፈሙዙና በልጁ መካከል ቆመ።

“ጥፋቱ የኛ ነው” አለ። “የልጄ ነው፣ የኔም ነው። ነገ እኔን እዚሁ ታገኘኛለህ፤ የትም አልሄድም። አሁን ግን ሚስትህ ትቅደም። የመርዙ ጠርሙስ ያለው እሱ ጋ ነው። ከገደልከው ጠርሙሱን ማን ያሳይሃል?”

ባለበጉ አለቀሰ። ጠመንጃውን ሳያወርድ፣ ዓይኑን ሳይጠርግ፣ ቆሞ አለቀሰ። ቀስ በቀስ አፈሙዙ ወደ መሬት ዘቀዘቀ።

“ሂድ አምጣ” አለው ወንድሜን።

ወንድሜ ሮጦ ከጎተራው ሥር የደበቀውን ጠርሙስ አመጣ። ሞተር ሳይክል ያለው የባለበጉ ወንድም ብቻ ነበር። ጠርሙሱን ተቀብሎ ብቻውን ይሄዳል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ወንድሜ ግን “ምን ያህል እንደቀላቀልኩት ሐኪሙ ይጠይቃል” ብሎ ከኋላው ወጣ። ሊገድሉት ከነበሩት ሰዎች የአንዱን ወገብ አቅፎ አቀበቱን ሲወጡ አባቴ ዓይኑን አልነቀለም። ምናልባት መንገድ ላይ ገደል ይጥሉት ይሆናል ብሎ አስቦ ነበር፤ በኋላ ነግሮኛል።

እኔ ሥራ ያዝኩ። ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር አልነበረም። መርዙ እስከ የት እንደወረደ፣ ሰዉ ከየት ቀድቶ መጠጣት እንደሚችል መታወቅ ነበረበት። ከገንዳው በታች ያለውን ጅረት እየተከተልኩ ነከርኩ፣ አበራሁ፣ ነከርኩ። ቄሱ ከጎኔ አልተለዩም። ጋቢያቸው በጭቃ ተለውሷል። የሚበራበት ቦታ ላይ ስንደርስ ድንጋይ እንከምራለን፤ ሴቶች ከዚያ በታች መቅዳት ይችላሉ። አንዲት አሮጊት “ልጄ፣ ይበራል? እርግጠኛ ነሽ?” ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። “ይበራል፣ እማማ” አልኳት። እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ስለዚህ ልጆች ከጅረቱ እንዳይጠጡ፣ ከምንጩ ዓይን ብቻ እንዲቀዱ ብዬ ቃሌን ለወጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ባለበጉ አንሥቶ ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ከዚያ ስልኩን ዝቅ አድርጎ፣ ለማንም ሳይሆን ለአየሩ፣ “ትተነፍሳለች” አለ። አማቲቱ መሬት ሳመች። እኔ ቦዩ ዳር ተቀመጥኩ።

ወንድሜ በማግስቱ በእግሩ ተመለሰ። ማንም እጁን አላነሣበትም ነበር። ሐኪሙ ጠርሙሱን ባየ ጊዜ ሌላ መድኃኒት ጨምሮ እንደሰጣትና ሴትዮዋ ዓይኗን ስትገልጥ ራሱ እንዳየ ለአባቴ ነገረው። ለእኔ አልነገረኝም። ባጠገቤ አልፎ ገባ።

አባቴና ወንድሜ ድንጋይ ተሸክመው የባለበጉ ደጅ ላይ ተንበረከኩ። ሽማግሌዎች ገቡበት፤ ከበጎቻችን ተሰጠ፤ ታረቁ። አባቴ የውሃ አባትነቱን በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ። “ቤቱን ያልጠበቀ ውሃ አይጠብቅም” ሲል ሰው ሊያግባባው ሞከረ፤ አልሰማም። ሴትዮዋ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ለብዙ ጊዜ እጆቿ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ሕፃኑንም የላም ወተት አሳደገው። ከገንዳው በብልቃጥ የያዝኩትን ውሃ ላቦራቶሪ ውስጥ በትልቁ መሣሪያ ስናየው ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ኬሚካል ራሱ ሆኖ ተገኘ። አስተማሪዬ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ።

ከመንደሩ ከመሄዴ በፊት ባለመካከለኛውን ማሳ ልጠይቀው ሄድኩ። አባቴ ወደ እሱም ደጅ ድንጋይ ይዞ ሄዶ ነበር፤ በሩን ሊሰብሩ ከመጡት ግን አንድም ሰው መጥቶ ይቅርታ አልጠየቀውም። በሩ ላይ ተቀምጦ አካፋ ይስላል። ቁጭ በይ አለኝ። ሚስቱ ጠላ አቀረበችልኝ።

“አንቺ ባትኖሪ ሞቼ ነበር” አለ።

“እግዚአብሔር ነው” አልኩ።

አካፋውን አገላብጦ አየው። “አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ያቺ ላስቲክሽ እኔ ቦይ ላይ ስትነክሪያት፣ ተሳስታ ብትጠፋ ኖሮስ?”

በየስንት ሙከራው እንደምትሳሳት ገና አላውቅም ነበር፤ ያኔ ያን ቁጥር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሁለተኛ ቁራጭ ነክሬ ነበር ልለው ፈለግኩ፤ ግን ሁለተኛውን የነከርኩት የመጀመሪያው ስለበራ፣ ማመን ስላቃተኝ ነው። ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ደግሜ እነክር ነበር ወይ? እኔም እንደ ሰዉ ሁሉ እሱን ጠርጥሬው ነበር።

“አላውቅም” አልኩት።

“እኔም እንደዚያ ነው ያሰብኩት” አለና አካፋውን መሳል ቀጠለ።

ወንድሜ እስከ ፋሲካ አላናገረኝም። በፋሲካ ዋዜማ ደወለና፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም፣ የመርጫ ማጠቢያ ጉድጓድ ከቦዩ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት ጠየቀኝ። የመንደሩ ሰው እንዲቆፍር የመደበው እሱን ነበር። የማውቀውን ነገርኩት። “እሺ” አለ፤ ከዚያ አባባን ላገናኝሽ ብሎ ስልኩን ሰጠው።